ድራመሩን የሸለምኩ ቀን

«ጃዝ ነፍሴ ነው» ያልኳት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ቫሌት ነኝ፤ የሰው መኪና እየተቀበልኩ ፓርክ አደርጋለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ለተለያየ ሰው አሪፍ ሥራ ነው፣ የማልገዛውን መኪና ሁሉ ነድቻለሁ። ገሊላ እዚያው ሕንፃ ላይ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች። ጠዋት ቁልፏን ስትሰጠኝ ራዲዮኗ ሁሌ ጃዝ ላይ ነው። አንድ ቀን ምላሴ ቀደመኝ።

«ኦ፣ ጃዝ! ነፍሴ እኮ ነው!»

«ሲሪየስሊ? ማንን ትወዳለህ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ማለት ማንንም ማለት ነው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እንደዚያ እየሳቅን አምስት ሳምንት ሞላን። ምሳ እንበላለን፣ ቴክስት እንላላካለን፤ ስለ ጃዝ ስትጠይቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ «እሱማ በቃል አይነገርም» እላለሁ።

አንድ ረቡዕ አምስት ሲዲ ይዛልኝ መጣች።

«ሁሉም የታወቁ ናቸው። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይቭ የሚጫወቱበት ቤት እወስድሃለሁ፤ ከነዚህ የቱ እንደሚበልጥብህ ትነግረኛለህ።» ከዚያ ቁልፉን ሳትለቅልኝ አየችኝ። «የድሮው ቦይፍሬንዴ ሥራ አለኝ እያለ ሁለት ዓመት ዋሽቶኛል። ሌላ ውሸታም አልችልም፣ ታደገ። ጃዝ ካልወደድክ አሁን በለኝ።»

እንግዲህ እዚህ ጋ ሰው የሆነ ሰው «አልወድም» ይላል። እኔ «ውይ፣ እነዚህንማ በቃሌ ነው የማውቃቸው» አልኩ።

በሦስት ቀን ጃዝ መውደድ አለብኝ፤ አለዚያ ገሊላ የለችም።

ወደምኖርበት ሊቶኒያ ስመለስ መኪና ውስጥ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው ሰውዬ ጥሩምባውን የሚነፋው የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እየፈራ ነው። ሁለተኛው በሳክስፎን አሥራ ሦስት ደቂቃ ጮኸ፤ ምን እንደጠፋበት ግን አልተናገረም። ሦስተኛው ሲጫወት ቀይ መብራት ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክስ ሲያደርግ ከሲዲው መሰለኝና «እቺስ አሪፍ ናት» ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

አብሮኝ የሚኖረው ኢሳያስ አራተኛውን ሲሰማ ከሻወር ጮኸ። «አንተ! ቁም ሳጥን ውስጥ ድመት ቆልፈሃል እንዴ?»

«ጃዝ ነው፣ ደነዝ! ልወደው እየሞከርኩ ነው!»

«በግድ መውደድ ከቻልክ እኔንም ሞክረኝ። ሳህኔን ከማጠብ ጀምር።»

ቅዳሜ ደረሰ። ከፊት ተቀመጥን፤ ከድራሙ ሁለት ክንድ አንርቅም።

«እሺ፣ የቱ በለጠብህ?»

«ሦስተኛው» አልኩ። ተኝቼበት ስለነበር ቢያንስ እሱ አልጎዳኝም።

አራት ሽማግሌዎች ወጥተው መጫወት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ለምሳ ያዘዝኩትን ዶሮ ነበር የማየው። ከዚያ ቀጭኑ ሳክስፎኒስት አንዲት አጭር ነገር ጉራ በጉራ አድርጎ ነፋ። ድራመሩ ወፍራም፣ በላብ የተጠመቀ ሰውዬ ነው። ቅንድቡን አነሳና ያቺኑ ነገር በድራሙ ደገማት፤ ግን እንደ አንካሳ እያነከሰች። ሳክስፎኒስቱ ሳቀ። የባሰች ወረወረ። ድራመሩ በመሀል ቀጥ አለና ሰውዬውን ብቻውን አየር ላይ ተወው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ቆይ። ቆይ ቆይ ቆይ። ይሄማ ተረብ ነው! እኔና ኢሳያስ ጠዋት ማታ የምንሠራው! አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ቀምቶ አጣሞ ይመልስበታል። ሲዲ ላይ ፊታቸው ስለማይታይ ነው እንጂ ለካ እየተሰዳደቡ ነው! እኔ ደግሞ በሕይወቴ አንድ የጨረስኩት ትምህርት ቢኖር ተረብ ነው።

ድራመሩ የመጨረሻዋን ሲያሳርፍበት እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «አቦ፣ ንገረው!» ብዬ ጮህኩ። እኛ ሠርግ ላይ ዘፋኝ ሲያስደስትህ ምን ታደርጋለህ? ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፋለህ። አምስት ዶላር አወጣሁና ለጠፍኩበት። ላብ ስለነበረው ግጥም አለች።

ባስ ተጫዋቹ ሳይቀር ቆመ። ድራመሩ ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ ብሯን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሲምባሉን አንዴ ጧ! አደረገው። ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ብሯን አላነሳትም።

ገሊላ ግን በሜኑው ፊቷን ሸፍናለች።

በሷ መኪና ስንመለስ ሀይዌዩ ላይ ጀመረችኝ።

«ጃዝ ቤት ገብተህ አታውቅም።»

«አላውቅም።»

«ሲዲዎቹስ?»

«ሦስተኛው ላይ ተኛሁ።»

«አምስት ሳምንት፣ ታደገ!»

የመቀመጫዬን ቀበቶ አጠበቅኩ።

ምልክት ሳታሳይ መስመር ቀየረች። «ታዲያ ለምን ተነሳህ?»

ነገርኳት። ቀጭኑ እንዴት እንደጎረረ፣ ወፍራሙ እንዴት እንዳነከሰበት፣ በአፌም በእጄም ዳሽቦርዱን እየደበደብኩ ሁለቱንም ሆንኩላት። የተፈረደብኝ ሰው መሆኔን ረሳሁት። «ባሱንስ አላየሽውም? መሀል ገብቶ ሊያስታርቃቸው ነበር እኮ!»

ከንፈሯን ነከሰች። ሳቁ በአፍንጫዋ አመለጣት።

«ይሄ ይቅርታ አይደለም» አለች ወዲያው።

«ገባኝ።»

ቤቴ በር ላይ አወረደችኝ። መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሺፍት እንዳትወስድ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ያልወደድከውን አልወደድኩትም ትለኛለህ። በል፣ ጀምር።»

«አነዳድሽን አልወደድኩትም።»

ሥራዬ መኪና ነው፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። እሷም ስትዞር የኋላ ጎማዋ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ ወረደ፤ እንደዚያው ሄደች።