ሺሜ የአያቱን መቃብር ሲፈልግ

ባሌ ሺሜ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እኔ የደሴት ልጅ ነኝ» ሲል ኖሯል። የምንኖረው ሺቤኒክ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባሕሩን የሚያየው በመስኮት ነው። ልጃችንን ዶራን ለዛግሬብ ሰዎች ልንድር ስንል ግን «ፕርቪች ደሴት ላይ የሴት አያቴ የድንጋይ ቤት አለ፣ ለሙሽሮቹ ሰጥቻለሁ» ብሎ አረፈው። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ቭላስታም ቤቱን ልይ ብላ በነሐሴ ሙቀት ከች አለች።

መርከቧ ላይ ከወጣን ጀምሮ የሺሜ እጅ አላረፈም። መንገዳችን ላይ ያለችው ዝላሪን ደሴት ስንደርስ ወደቡ ላይ ለቆመው ሁሉ ያውለበልባል፤ ሰውም ጨዋ ነውና ይመልስለታል። ቭላስታን «አዩ፣ እዚህ የማያውቀኝ የለም» ይላታል። ጀርመን ጎብኚዎች ሳይቀሩ አውለበለቡለት። እኔ በሆዴ ሳቅኩ።

ፕርቪች ስንወርድ ኬካ የሚሏት አሮጊት ጥላ ሥር ተቀምጣ ዓሣ ታጸዳለች። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀችው። ሺሜ ደረቱን ነፍቶ ስኮቺች ነኝ አላት።

«እዚህ አህያውም ስኮቺች ነው» አለች ቀና ሳትል። «የማን ቤት?»

ደሴቱ ላይ ሁሉም አንድ የቤተሰብ ስም ስላለው፣ ቤት ከቤት የሚለየው በቅጽል ስሙ ነው። ይህን የማያውቅ የደሴት ልጅ የለም። ሺሜን ላብ አጠመቀው። «የካፒቴኑ» አለ።

«የካፒቴኑ ቤትማ የእኔ ነው።»

የአያቱን ስም ሲነግራት ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«የሉሴ የልጅ ልጅ ነህ ለካ። ሬሳዋን የሚሸከም አንድ ሰው ጎድሎ በአንተ ቦታ የገባሁት እኔ ነኝ። የቤቷ ጣራም ከወደቀ ሰባት ዓመቱ።»

የቀብሩ ቀን ሺሜ ባሕሩ ተናውጧል ብሎ ቤት ቀርቶ ኳስ ሲያይ ነበር የዋለው።

ቭላስታ በትሕትና፣ ቤቱ ይቅርና የአያቱን መቃብር እንሳለም አለች። በማግስቱ የማርያም በዓል ስለሚውል ከአንዱ በቀር የመቃብር ድንጋዩ ሁሉ ታጥቧል፤ ሁሉም ላይ ስኮቺች ተጽፏል። ሺሜ ከወዲያ ወዲህ ሲዞር ቆይቶ፣ ጽሑፉ የጠፋ አንድ አቧራማ መቃብር ላይ ተንበረከከና በመሐረቡ ይወለውል ጀመር። እንባም አወጣ።

ኬካ ከኋላችን ደረሰች።

«እሱ የኔ ባል ነው» አለችው። «አንዴ ጀምረኸዋል፣ ጨርሰው። ያንተ አያት ከጎኑ ያለችው ናት፣ የታጠበችው።»

ቭላስታ ወደ እኔ ዞረች። «ዶራ በጠባይዋ የወጣችው በማን ነው፣ በአባቷ ወይስ በእርስዎ?» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ በባሌ ስስቅ የዋልኩት ሴትዮ አፈርኩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሉሴ የት እንደተቀበረች እኔም አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።