ከጉልበት የማይበልጥ

የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር ቁልቋል የተተከለበትን ትልቅ የቀለም ቆርቆሮ በነጠላ ጫማው ጫፍ ገፋ አደረገና ወዲያው እግሩን አፈፍ አድርጎ ያዘ።

"ይኸው! እኔንም ወጋኝ!"

"እሱ ካለበት አልተነሣም፤ አንተ ነህ የሄድክበት" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በከንፈሯ የያዘቻትን መርፌ እንኳ ሳታወጣ።

በሕንፃው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። "እትዬ እሾህ" ይሏታል፤ እሷም "አቤት" ትላለች። አምስት ፎቅ ነው፤ በየፎቁ ሦስት በር። የእሷ ቤት አራተኛው ላይ ሲሆን መስኮቱ ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ተፋጦ ይውላል። ፀሐይ የሚገኘው ደረጃው ላይ ባለው መስኮት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልቋሏን በሯ አጠገብ አቆመችው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። ያኔ አውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ ነበር። ዛሬ ሊቀመንበሩን በቁመት ይበልጠዋል፤ ቂሙም እዚያ ላይ ነው የሚሉ አልጠፉም።

ሊቀመንበሩ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። "ደንቡ ግልጽ ነው እትዬ። በየደጃፉ ከጉልበት የማይበልጥ አንድ የተክል ዕቃ። የሦስተኛ ፎቁ መምህር እጅጌው ተቀዷል።"

"እጅጌውን እኔው ሰፍቼለታለሁ። ለመሆኑ ደንቡን ማን ጻፈው?"

"ኮሚቴው።"

"ኮሚቴው ማን ነው?"

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "የዛሬ ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ተሸካሚ ይዤ እመጣለሁ።"

"ና! የተማሪ ቤት ሱሪህን ያሳጠርኩልህ እኔ ነኝ፤ ጉልበትህ የቱ ጋ እንደሆነ ካንተ በላይ አውቃለሁ።"

አፏ እንዲያ ይበል እንጂ፣ በሩን ከዘጋች በኋላ ያንኑ አንድ ጠርዝ ሦስት ጊዜ ሰፍታ ሦስት ጊዜ ተረተረችው።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ መጣ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ኪሱ ሁልጊዜ ዘር በተሞሉ የክብሪት ቀፎዎች ይንኳኳል። ያንን ቁራጭ የሰጣት እሱ ነበር። እንደነሱ እሾህና ዘር የሚለዋወጡ ዐሥር ያህል ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛሉ። በመካከላቸው ገንዘብ አይነሣም፤ ሕጋቸው ሁለት ብቻ ነው። በባዶ እጅ ልውውጥ የለም፤ የሰጪው ተክል ከሞተ ደግሞ ተቀባዩ ቆርጦ ይመልስለታል። የሹፌሩ ቁልቋል በቅርቡ ሞቷል። እሱ ዘመድ ጥየቃ በሄደበት ሚስቱ አዝናለት በየቀኑ አጠጣችው። ቁልቋልን የሚገድለው ርኅራኄ ነው። እናም ከዚያ ዘር የቀረው ይኸው ደረጃው ላይ የቆመው ብቻ ነው።

ሹፌሩ የሊቀመንበሩን ዛቻ ከእሷ ሰምቶ የቁልቋሉን ዙሪያ ተመለከተና "ቁረጪው" አለ።

"ምን አልክ ጋሼ?"

"ሰኞ ሌላ ሰው ከሚጥልብሽ ዛሬ አንቺው ቁረጪው። ስንት ክንድ አለው?"

ቆጠረች። አሥራ አራት። ከዚያ ቁልቁል ደረጃውንና በሮቹን አየች።

"አንዱ ላንተ" አለች። "አሥራ ሦስቱ ለአሥራ ሦስት በር። ጉቶው ለእኔ።"

"ካንቺ በር ሌላ አሥራ አራት አይደለም እንዴ?"

"የሊቀመንበሩን አልቆጠርኩትም።"

የዳቦ ቢላዋዋን በአልኮል አበሰች፤ እጇን በአሮጌ ካፖርት ጨርቅ ጠቀለለች። ሠላሳ ዓመት የሰው ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ሴት የመጀመሪያውን ክንድ ደጋግማ ለክታ ቆረጠችው። ሁለተኛውን ሳትለካ ቆረጠችው።

ክንዶቹ ቁስላቸው እስኪደርቅ ሳምንት ሙሉ በቤቷ ወለል ላይ፣ ጋዜጣ ላይ ተጋደሙ። ልጇ እየተራመደቻቸው ታልፋለች። ረቡዕ ሊቀመንበሩ በበሯ ሲያልፍ ጉቶውን አየና ፈገግ አለ።

"ጥሩ አደረጉ እትዬ። ሰው ሲስማማ ነው የሚያምርበት።"

"አዎ" አለች፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

ልጇ ደነገጠች። "እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?"

እሑድ በር ለበር ዞረች። ማንም በነጻ አላገኘም፤ አንዷ የናና ሥር ሰጠቻት፣ ሌላው በወረቀት የታሰረ የቲማቲም ዘር። መምህሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ቁራጩን አየው።

"እጅጌዬን የቀደደው ነው?"

"እሱ ራሱ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው፤ የጌታውን እጅጌ አይነካም። አደራ፣ ሁለት ሳምንት ውሃ እንዳታሳየው።"

ሰኞ ሊቀመንበሩ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ ወጣ። አንደኛ ፎቅ፣ ሦስት በር፣ ሦስት ቁልቋል። ሁለተኛ ፎቅ ከራሱ በር በቀር እንደዚያው። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ሲደርስ ያለከልካል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ደንቡ ነዋ! በየደጃፉ አንድ።" አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር አውልቃ ዘረጋችለት። "ጉቶውን ለካው።"

ለካው ደግሞ! ከጉልበቱ አራት ጣት አነሰ። አንደኛው ተሸካሚ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሊቀመንበሩ አሰናበታቸው፤ እሱ ግን ሳይሄድ ቀረ።

"እትዬ... የሁሉም ደጃፍ አለው። የኔ ብቻ..."

"ባዶ ነው።"

"ሚስቴ 'ምን ብታደርጋቸው ነው የዘለሉን?' ትለኛለች።"

"በባዶ እጅ ልውውጥ የለም። በረንዳህ ላይ ምን አለ?"

"ሬት።"

"ሬት! ካንተ ቤት ታዲያ ሌላ ምን ይበቅላል?"

ሄደና የሬት ቡቃያ ከነሥሩ ይዞ ተመለሰ፤ አፈሩ ከሁለተኛ ፎቅ ጀምሮ ተንጠባጥቧል።

"ደረጃውን አቆሸሽከው" አለች ቡቃያውን እየተቀበለች።

ከጉቶው ሥር አንድ አውራ ጣት የሚያህል ክንድ ቀርቶ ነበር። ከአሥራ አራቱ ጋር ሳትቆጥረው፣ እንደገና ላሳድገው ብላ ለራሷ ያስቀረችው ነው። ለአፍታ አየችው፤ ከዚያ ቢላዋዋን በአልኮል አበሰች።

"ሳምንት ይደርቃል፤ ከዚያ ትተክለዋለህ። የእኔ ከሞተብኝ ደግሞ ካንተው ቆርጠህ ትመልስልኛለህ።"

"ይሄ ደግሞ የት ተጻፈ?"

"ይሄኛውን ደንብ አንተ አልጻፍከውም" አለችና ቆረጠችው።