አባት የጨመረው ነጥብ

ወንድሜ ፍሉሪን ክፉ ሰው ነው የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ሞኝ ነው የሚል ካለ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጥ፣ አብረን እናማዋለን።

እኛ መንደር ቅዳሜ ከሰዓት ማለት ተኩስ ሜዳ ማለት ነው። ቄሱ ይቅር ይበሉኝና ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ እዚያ ይሞላል። አባት ጠመንጃውን ከቁም ሳጥን ያወጣል፣ ልጁን ያስከትላል፣ ዳገቱን ይያያዘዋል። እነሱ ሲተኩሱ እኔ ከተኩስ ቤቱ ጀርባ ባለችው ወጥ ቤት ቋሊማ እጠብሳለሁ፣ የገብስ ሾርባ አማስላለሁ። ጆሮዬ በተኩስ ስለደነዘዘ ጮክ ብዬ ነው የማወራው፤ ተቆጥታ ነው ይሉኛል። ግማሹን ጊዜ ተቆጥቼ ነው፣ እውነታቸውን ነው።

ፍሉሪን አይተኩስም። በልጅነቱ ቀኝ ዐይኑ ተጎድቷል። ስለዚህ የሚውለው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ዒላማዎቹ ከማዶ፣ ሦስት መቶ ሜትር ርቀው ቆመዋል፤ ከሥራቸው በሲሚንቶ የተሠራ ጉድጓድ አለ። ጥይት ካለፈ በኋላ የጉድጓዱ ሰው ዒላማውን ወደ ታች ይስባል፣ ቀዳዳውን ያያል፣ ቁራጭ ወረቀት ለጥፎ ይደፍነዋል፣ መልሶ ያወጣዋል። ከዚያ ጥይቱ የት እንዳረፈ በረጅም እንጨት ጫፍ በተቸነከረች ቀይ ሰሌዳ ያሳያል። መሃል የገባ እንደሆነ ሰሌዳዋ መሃሉ ላይ ትሽከረከራለች። የሳተ እንደሆነ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፤ ያን ጊዜ ተኩስ ቤቱ ሁሉ ይስቃል። ተኳሹ ከዚያ ርቀት ቀዳዳውን በዐይኑ አያየውም። የጉድጓዱ ሰው ያለውን ማመን ነው።

ልጁ ኡርሲና አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ይዟት መጣ። እናትዋ ኔሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ስለምትሠራ ልጅቷ ብቻዋን ቤት ከምትውል ብሎ ነው። ያኔ ሴት ልጅ ጠመንጃ ይዛ ማየት ለእኛ ሰው ብርቅ ነበር። የተኳሾቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ዱሪ ደግሞ አፉ አያርፍም።

«ምነው ፍሉሪን፣ ሹራብ ብታሠራት አይሻልም? በኪሮሽ ብትስት ሰው አይሞት!» አለው።

ፍሉሪን ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ተኛችና ተኮሰች። ሰሌዳዋ ተወዛወዘች። ደግማ ተኮሰች፤ ተወዛወዘች። ሦስተኛዋም ተወዛወዘች። ዱሪ ወደ ጉድጓዱ የሚሄደውን ስልክ አንስቶ፣ «ኧረ ፍሉሪን፣ ልጅህ ላሜን ገደለችብኝ! እራት እኔ ቤት ነው፣ ሥጋ በሽ ነው!» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ማማሰያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ልጅቷ ጉንጯን ጠመንጃው ላይ እንደለጠፈች ቀርታለች፤ ጆሮዋ ደም መስሏል። ብትነሳ ሰው ፊቷን ሊያይ ነው፣ ስለዚህ አልተነሳችም። አንጀቴን በላችኝ።

አራተኛዋን ተኮሰች። ቀይዋ ሰሌዳ ወጥታ ከዒላማው መሃል ባለው ጥቁር ክብ ውስጥ ቆመች። አምስተኛዋም እዚያው። ኡርሲና ዘወር ብላ፣ «አክስቴ! አየሽ? አየሽልኝ?» አለችኝ። አየሁ እንጂ! ሁለት ቋሊማ በነጻ ሰጠኋት፣ ዱሪን ደግሞ በሰናፍጩ ማንኪያ አስፈራራሁት።

ከዚያ ወዲህ ኡርሲና ሌላ ልጅ ሆነች። እንግዳ ሲመጣ በር ጀርባ የምትደበቀው፣ ስሟን ስትጠየቅ ጫማዋን የምታየው ልጅ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። በየሳምንቱ ነጥቧ ያድጋል። በዚያው ዓመት መከር ላይ የመንደሩን የወጣቶች ዋንጫ ወሰደች፤ ዱሪ ራሱ ጠመንጃዋን ተሸክሞ ቤቷ ድረስ አደረሳት። ፍሉሪን ከጉድጓዱ ወጥቶ ሲመጣ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» ይላታል። ይኼ ቃል እኛ ዘንድ እንዲሁ አይወጣም። የሞተው ባሌ ዕድሜ ልኩን ሾርባዬን እየጠጣ «አይከፋም» ከማለት አላለፈም። እሷ ግን በየቅዳሜው ትሰማው ነበር፤ ሲላት ፊቷ ሲፈካ ማየት ብቻውን ያጠግብ ነበር።

ዋንጫውን ከወሰደች በኋላ፣ አንድ ብርዳም ቅዳሜ፣ ተኩሱ ጋብ ሲል ለፍሉሪን ሾርባ ይዤ በጎን ባለው መንገድ ወረድኩ። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ ተኩሱ እንደገና ጀምሮ ነበር፤ ተራው የኡርሲና ነው። ፍሉሪን አላየኝም። ዒላማውን ሳበ። ቀዳዳው ከጥቁሩ ውጭ፣ ከታች ጥግ ላይ ነው። ወረቀት ለጠፈበት፣ ዒላማውን አወጣው፣ ሰሌዳዋን አንስቶ መሃል ላይ አሽከረከራት። እንዲህ በእርጋታ፣ እንደ ሁልጊዜ ሥራው!

«አንተ!» አልኩት። ሾርባው እጄ ላይ ፈሰሰ። «ምንድን ነው የምታደርገው?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ዛሬ ነፋስ ስላለ ነው» አለኝ።

«ነፋሱን ተወው! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ከመጀመሪያው ቀን። ሦስት ጊዜ አወዛወዝኩ፣ እህቴ ሜንጋ። አራተኛው ላይ እጄ እምቢ አለኝ። በስልኩ ሲስቁ እየሰማሁ እንዴት ብዬ?»

ያልተሳደብኩት ስድብ የለም። ንገራት አልኩት። «እየተሻሻለች እኮ ነው» አለኝ፤ «በፊት ብዙ ነበር የምጨምርላት፣ አሁን ትንሽ ነው። እየቀነስኩ፣ እየቀነስኩ፣ እሷ ስትደርስበት ይቆማል። ማንም ሳያውቅ ያልቃል።» የእብድ ሐሳብ ነው። ግን ዐይኑን ሳየው የልጅቷን ጉዳይ የሚያውቀው አባቷ ነው ብዬ ተውኩት።

ጉድ እኮ ነው፣ ደረሰችበት! ፋሲካ ካለፈ በኋላ ላረጋግጥ ብዬ ራሴ ወረድኩና ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ጉድጓዱ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጥይቱ ከራሳችን በላይ ይጮሃል። ዒላማው ሲወርድ ቀዳዳው ጥቁሩ ውስጥ ነው። ሌላው ሲወርድ ጥቁሩ ውስጥ ነው። አንዷማ መሃሉን በስታው ነበር። በዚህ ዐይኔ ነው ያየሁት።

«አየሽ? ከፋሲካ ወዲህ አንድም አልነካሁም» አለኝና ወረቀቱን እየለጠፈ ያለቅስ ጀመር። እኔም አለቀስኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠን ስንነፋረቅ ያየን ሰው ቢኖር ኖሮ! ምነው ነገሩ እዚያው ላይ ባበቃ።

በሰኔ የአውራጃው የወጣቶች ተኩስ በዓል ኩር ከተማ ነበር። ከመንደራችን አምስት ልጆች ተመረጡ፣ ቀዳሚዋ ኡርሲና ናት። የዋዜማው ዕለት እነፍሉሪን ቤት እራት ጠሩኝ። ድንችና አይብ ቀርቧል፣ ኔሳ ደስ ብሏት ታዛቢ የሌለ ይመስል ታንጎራጉራለች። ልጅቷ ጠመንጃዋን ወልውላ ጨርሳ ተቀመጠች።

«አልፈራሽም?» አልኳት።

«እፈራለሁ እንጂ» አለች። «ግን መላ አለኝ፣ አክስቴ። ስፈራ ሁልጊዜ ያቺን የመጀመሪያ ቀን አራተኛዋን ጥይት ነው የማስባት። ሁሉ ሲስቅብኝ እኮ መታሁ! ያኔ ከመታሁ ምን ያቅተኛል እላለሁ። ነገም ስተኛ እሷን ነው የማስበው።»

ፍሉሪን ሹካውን አስቀመጠ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት፤ አልሰማኝም።

«አራተኛዋም አልመታችም፣ ልጄ» አላት።

መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን ቀጠለ፤ ከአንደኛው ቀን ጀምሮ ሁሉንም ነገራት። ኔሳ ማንጎራጎሯን አቆመች። ልጅቷ ሰምታ ስትጨርስ፣ «አምስተኛዋስ?» አለች።

«እሷም።»

«ዋንጫውስ?»

ተነስታ ዋንጫውን ከመደርደሪያው አወረደችና ከድንቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ከፋሲካ ወዲህ ያለው ግን ሁሉም ያንቺ ነው!» አለ ፍሉሪን። «እግዜር ምስክሬ ነው፣ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም። ጎበዝ ተኳሽ ነሽ። ከሁሉም ትበልጫለሽ።»

ኡርሲና አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ» አለችው፣ «አሁንም እየጨመርክልኝ ነው።»

እኔ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «እኔ በዐይኔ አይቻለሁ! አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ!»

«አንቺ ደግሞ እህቱ ነሽ» አለችኝ።

ፍሉሪን በር ከፍቶ ሮጠ። ዳገቱን በዚያ ዕድሜው ወጥቶ፣ ጉድጓድ ወርዶ፣ የእሷን የመጨረሻ ልምምድ የዒላማ ወረቀት ቀዶ አመጣው። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ቀዳዳዎቹ የተደፈኑባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ሁሉም ጥቁሩ ላይ ናቸው። ልጅቷ በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻቸው።

«ቀዳዳ መብሳት ለአንተ ምን ይከብድሃል?»

«እሺ፣ ነገ ሂጂና እይው! እዚያ እኔ የለሁም!»

«ብስትስ?»

«አትስቺም።»

«ብመታስ? ዱሪ ደውሎላቸው ይሆናል እላለሁ።» ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ለገና በዓል ብቻዬን እንድዘምር የመረጡኝስ? መዝሙር መሪዋን ለምነህ ነው?»

አልለመነም። በድምጿ ነው የተመረጠችው፤ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ፍሉሪን ግን መማል አልቻለም፤ መሐላው ምን ዋጋ አለው? ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጠዋት አውቶቡሱ ደጃፋቸው ቆመ። ዱሪ ጥሩምባውን ነፋ፣ ስሟን ጠራ፣ መስኮቱን በጠጠር መታ። አልወረደችም። ዱሪ እስከ ዛሬ ሆዷን አሟት ነበር ብሎ ነው የሚያስበው። ከዚያ ቀን በኋላ ጠመንጃ አልያዘችም፤ ምን ያህል ተኳሽ እንደነበረች እሷም ሳታውቅ ቀረች። ባይነግራት ይሻል ነበር ስል በራሴ እናደዳለሁ፣ መንገሩ ደግ ነው ስልም እናደዳለሁ። እሱን ስንቴ ረገምኩት፣ ስንቴስ አለቀስኩለት።

ኡርሲና ኩር ወርዳ ኬክ ሥራ ተማረች። አሠሪዋ አንድ ቀን አግኝቶኝ፣ «እጇ ግሩም ነው፣ ግን ሰው ሲያመሰግናት እንደ ፖሊስ ዐይን ዐይኑን ነው የምታየው» አለኝ። ከዓመታት በኋላ፣ ዘንድሮ በጸደይ፣ የራሷን ኬክ ቤት ከፈተች። ሦስታችንም አዲስ ልብስ ለብሰን ወረድን። ዋልነት በሚሉት ለውዝ የሠራችውን ኬክ ቆርሳ አቀረበችልን፤ ያ በእኛ አገር እያንዳንዷ ሴት የእኔን የሚያህል የለም የምትለው ኬክ ነው። እኔም እላለሁ። የእሷን ስቀምስ ግን፣ ምን ልዋሽ፣ አፌን ዘጋችው።

ኔሳ አመሰገነቻት፤ ልጅቷ ለደንበኛ እንደሚሳቅ ሳቀችላት። ፍሉሪን አንድ ቁራሽ በላ። ሌላ አስጨመረ። እሱንም በልቶ ፍርፋሪውን በጣቱ ጫፍ ለቀመ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው የማውቀው፣ እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። ኡርሲና ባንኮኒውን ትወለውላለች፣ የተወለወለውን ትደግመዋለች። ቀና ብላ አላየችም፤ ግን እየጠበቀች እንደሆነ ዕውር ያየዋል። ፍሉሪን አፉን ከፈተ። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ አየሁት። መልሶ ዋጠው።

«ይበላል» አለ።

«እሺ» አለች እሷ።

ደሜ ፈላ። ኮቱን ይዤ ደጅ ጎተትኩት። «ምላስህ ተቆርጧል? ልጅቷ እኮ አፍህን ነው የምታየው! ጎበዝ በላት!»

«ሜንጋ» አለኝ፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። «እኔ ጎበዝ ካልኳት ኬኩ እንደማይረባ ነው የምታውቀው። ዝም ካልኩ ቢያንስ ደንበኞቹን ታምናለች።»

ምን ልበለው? ትቼው ገባሁ። ኡርሲና የበላንባቸውን ሰሃኖች እያነሳች ነበር። የአባቷን ሰሃን አንስታ አየችው፤ ሙልጭ ብሏል፣ አንዲት ፍርፋሪ የለበትም።

«ሳይወደው፣ እንዳይከፋኝ ብሎ ጨረሰው» አለችኝና ሰሃኑን አጠበችው።