የማይጨልመው ከተማ ምስክር

«ሌሊት መብራት ሳያበሩ ጋዜጣ ያነቡ ነበር? እስቲ ድገምለት ይላል ካፒታኖው።»

አስተርጓሚው አስረስ ይህን ሲል ፊቱ ላይ አንድም ነገር አይነበብም። ሀቢቡ በሁለት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ባደሩ ወታደሮች፣ መሐል ቆሞ በጣቶቹ መሐል የደረቀውን አፈር ይፈቀፍቃል። የእንሰት ችግኝ ሲያዛውር ነበር ከጓሮው የወሰዱት፤ እጁን እንኳ አላስታጠቡትም። ሚስቱ ጠይባ እስከ አጥሩ ተከትላ «ምን አጠፋ?» ብላ ብትጮህ የመለሰላት የለም።

«ያነቡ የነበሩት እነሱ ናቸው፤ እኔ ማንበብ አላውቅም» አለ ሀቢቡ። «እኔ ያየሁት ፊደሉ ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ ነው። ፀሐይዋ ትጠልቃለች፤ ግን ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ ትወጣለች። በመሐል ጨለማ የሚባል ነገር የለም። ይህም በሰኔ ነው። በሌላው ወር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አልነበርኩም።»

አስረስ ተረጎመ። ጣሊያናዊው ካፒታኖ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና ሳቀ።

«እውነት ነው ይላል» አለ አስረስ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከራሱ ጨመረ፤ «እኔም ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ።»

ሀቢቡ ቀና ብሎ አየው። አስረስ ከሰሜን መጥቶ፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በቡታጅራ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ከተማ ስንኖር አንዲት ቃል ምነው ሳትመሰክርልኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ አስረስ።

ማንም አልጠየቀውም። በዚያ ከተማ ሰው የሚጠይቀው መልሱን አስቀድሞ የወሰነበትን ነገር ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀቢቡ ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ለአንድ ስዊድናዊ ሐኪም አገልጋይ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሐኪሙ ለእረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ጉሬዛ ለአውሬ ማሳያ ሊያበረክት ፈለገ፤ ጉሬዛዎቹም ከሀቢቡ እጅ በቀር አልበላም አሉ። እንግዲህ ጉሬዛ አስከትሎት ነው የመስቃኑ ገበሬ ባሕር የተሻገረው። የመመለሻው መርከብ እስኪደርስ ስቶክሆልም በምትባለው ከተማ ጥቂት ቀን ሰነበተ። የሐኪሙ እናት፣ ባርኔጣ የደፉ አሮጊት፣ እጁን እንደ ሕፃን ይዘው መንገድ ለመንገድ የሚሄደውን ባቡር እያሻገሩ ከተማውን አስጎበኙት። ከተማው ውኃ ላይ የተቀመጠ ነው። እዚህ ሰው በቅሎ እንደሚጭን እዚያ ጀልባ ይጭናል። የብረት ሣጥን ውስጥ አስገብተው እንደ ባልዲ ወደ ላይ ጎትተው ከፎቁ አናት አደረሱት። ሰዉ ደረቱን ገልጦ ሣር ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይለቅማል። ከሁሉም የባሰው በዓላቸው ነበር፤ ቅጠል ያለበሱት ረጅም ግንድ አቁመው፣ ሽበት ያወጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ዙሪያውን እንደ እንቁራሪት ቁጢጥ ብለው ይዘላሉ። ይህቺን ለቡታጅራ ሰው አልተናገረም። ማን ያምነዋል ብሎ ራሱ ዋጣት።

የተናገረው የሌሊቱን ነገር ነው። እሱም ቀልድ ሆኖበት ሳይሆን ጭንቀት ሆኖበት ነው፤ የሌሊቱ የዒሻ ሶላት በየትኛው ጨለማ ይሰገዳል? በመስኮት ተቀምጦ ጨለማ ሲጠብቅ ወፎቹ ለንጋት ተንጫጩበት። አገሩ ሲገባ በቀጥታ ወደ ሼህ ሙሀመድሰይድ ሄዶ ጠየቀ። ሼሁ ሰምተው ጢማቸውን ዳበሱና «ሀቢቡ፣ ወይ ጠጥተህ ነበር፣ ወይ ታመህ ነበር» አሉት። በሳምንቱ ወሬው ገበያ ወጣ። ሲወጣም እሱ እንዳለው አልወጣም። «ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር ሄድኩ አለ» ተባለ፤ ቆየና ደግሞ «ፀሐይዋን በእጄ ነካሁ አለ» ተባለ። ራሳቸው አጋነው ራሳቸው ውሸታም አሉት። ሀቢቡ አይመሼ ብለው ስም አወጡለት።

ስሙስ ይሁን። የእንሰት ማሳ ጎረቤቱ ሰይዶ የወሰን ድንጋዩን ገፍቶ ሁለት ረድፍ እንሰት በወሰደበት ጊዜ ግን ስሙ ፍርድ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ፊት ድንጋዩ የት እንደነበር ሊናገር ሲነሳ ሰይዶ «ይህ ሰው መሽቶ እንደነጋ የማያውቅ ነው፤ ድንጋይ የት እንደነበረ ሊያውቅ ነው?» አለ። ጉባኤው ሳቀ። ሼህ ሙሀመድሰይድም የሀቢቡ ቃል ለምስክርነት እንደማይያዝ ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ለወሰንም፣ ለውርስም፣ ለኒካሕም ለምስክርነት የጠራው ሰው የለም። ልጁን ሀጀራን ሲድር እንኳ አማቾቹ «አባትየው ዝም ይበል እንጂ ልጅቱስ ጥሩ ናት» አሉ።

ይህን ሁሉ ለካፒታኖው የነገረው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ነጋሪ ሞልቷል።

«አሁን ስማ» አለ አስረስ። «ዛሬ ገበያ ላይ ትናገራለህ። ያየኸውን ሁሉ እንዳየኸው ተናገር። ሕንፃውን፣ መርከቡን፣ ሰማዩን። የከተማውን ስም ብቻ ሮም በለው። ይህን የሠራ መንግሥት አይቻልም፣ ዘቢዳር ተራራ ላይ ያላችሁ ልጆች ውረዱ፣ ጠመንጃችሁን አስረክቡ ትላለህ። እሱ ወሰንህን ያስመልስልሃል።»

«ሌላስ?»

«አስቀድሞ ራሱ ተነስቶ እውነተኛ መሆንህን ለሕዝቡ ይናገራል።»

ሀቢቡ አፈሩን መፈቅፈቁን ተወ። «በአደባባይ? ሼሁ ባሉበት?»

«ሼሁ ባሉበት።»

«እምቢ ብልስ?»

አስረስ ወደ ካፒታኖው ዞሮ አየና መለሰ። «እሷን አልተረጉማትም» አለ።

ገበያው መሐል አንድ ካሚዮን ቆሟል። ካፒታኖው የካሚዮኑ ጀርባ ላይ ወጣ፤ አስረስን ከጎኑ፣ ሀቢቡን ከኋላው አደረገ። ሼህ ሙሀመድሰይድ ከሽማግሌዎች ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። ሰይዶ ከበሬ ተራው በኩል ቆሟል። የመጨረሻ ልጁ ሰማን ጠመንጃ ይዞ ዘቢዳር ላይ እንዳለ የማያውቅ የለም። ጠይባ ከሴቶቹ መሐል አንገቷን አስግጋለች።

ካፒታኖው ሮም የእስላም ወዳጅ መሆኗን ተናገረ፤ መስጊድ እንደሚያሠራ ተናገረ፤ እጁን የሰጠ ሁሉ ምሕረት እንደሚያገኝ ተናገረ። በቡኢ ከተማ በኩል «ምሕረት ታገኛላችሁ» ተብለው የወረዱት ልጆች የት እንደገቡ እናቶቻቸው እስካሁን እየጠየቁ ነው። ከዚያ ካፒታኖው ሀቢቡን በትከሻው ይዞ ወደፊት ሳበው።

«ይህን ሰው ውሸታም ትሉታላችሁ ይላል» ሲል አስረስ ተረጎመ። «ይህ ሰው እውነተኛ ነው። በሰሜን አውሮፓ በሰኔ ወር ሌሊቱ አይጨልምም። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ ይላል። ያላመናችሁት እናንተ አላዋቂ ስለሆናችሁ ነው ይላል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ካፒታኖው ካለማ!»

«ለካ እውነቱን ኖሯል!»

«ወይ ሀቢቡ! ስንቱን በደልነው!»

አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ነቀነቀ። ወንድማቸው አፈር ላይ ተንበርክኮ ቢምል ያልሰሙትን፣ ጎጆ አቃጣዩ ካፒታኖ ሲናገረው ሰሙ። የአገራቸው ሰው በዓይኑ ያየው ውሸት ነበር፤ ነጩ በመጽሐፍ ያነበበው ግን ወዲያው እውነት ሆነ። ከዚህ በላይ ድል አለ? ጣሊያን ይህን ያህል መድፍ ማጓጓዙ ምን አደከመው!

ሀቢቡ ግን ሰው ነውና ጣፈጠው። ሼህ ሙሀመድሰይድ ቀና ብለው አዩት፤ በዓይናቸው ይቅርታ የመሰለ ነገር ነበር። ጠይባ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

መናገር ጀመረ። ውኃ ላይ ስለተቀመጠው ከተማ፣ እንደ ባልዲ ስለሚጎተተው የብረት ሣጥን ተናገረ። ማንም አልሳቀም። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ተሰምቶ አያውቅም።

«ስሙን በል» አለ አስረስ በሹክሹክታ።

ከበሬ ተራው በኩል ሰይዶ እጁን አነሳ። ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ተሰብሯል።

«ሀቢቡ፣ ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ፤ ድንጋዩን ነገ በራሴ እጅ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ንገረኝ። አንተ አይተኸዋል። እነዚህ ሰዎች እንደምትለው ከሆኑ ልጄ ከማን ጋር ነው የሚዋጋው? ልላክበትና ይውረድ? አንተ ውረድ ካልከው ላውርደው።»

ልጅ ዘቢዳር ያለው ሰይዶ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎቹም አባቶች የሀቢቡን አፍ ያያሉ። ለዓመታት የለመነው እምነት በእጁ ገባ፤ ሲገባ ደግሞ የሰው ልጆች አንገት ላይ የሚጠመጠም ገመድ ሆኖ ገባ። «አትላክበት» ቢል እዚያው ይገድሉታል፤ ሰይዶንም ከእሱ ጋር። «ስቶክሆልም እንጂ ሮም አይደለም» ቢል ለእነዚህ ሰዎች ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁሉም ፈረንጅ፣ ሁሉም ባሕር ማዶ። አንዴ የታመነ ሰው ምንም ቢናገር የሚሰሙት የፈረንጅን ኃይል ነው።

«ሰይዶ» አለ ሀቢቡ። «እኔ ባሕር ተሻግሬ አላውቅም።»

የሰማውን ያላመነው አስረስ «ምን አልክ?» አለ።

«አልሄድኩም። ጅቡቲ ወደብ ላይ ከረጢት ስሸከም መርከበኞች ሲያወሩ ሰማሁ። ወሬውን ይዤ መጣሁ። እናንተን አታለልኩ፤ ዛሬ ደግሞ ካፒታኖውን አታለልኩ።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ገበያው በሙሉ ፈነዳ።

«ካፒታኖንም ሸወደው!»

«የተማርኩ ነኝ ባዩን!»

አስረስ ሲተረጉም ካፒታኖው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ወደ ሼሁ እየጠቆመ ጮኸ።

«ቁርኣን ይዞ ይማል ይላል» አለ አስረስ።

ለሰው መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ ቁርኣን ይዞ በሐሰት መማል ግን ሌላ ነው። ሀቢቡ ወደ ሼሁ ዞረ።

«ሼሁ፣ የእኔን ቃል ምስክር እንዳይሆን የፈረዱት እርስዎ ነዎት። ቃሉ የማይያዝን ሰው እንዴት ብለው ያስምሉታል?»

ሼህ ሙሀመድሰይድ ብዙ አዩት። ገብቷቸው ይሁን፣ ተቆጥተው ይሁን፣ ሀቢቡ ሊለይ አልቻለም።

«ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የዚህ ሰው መሐላ አይያዝም።»

ሰይዶ መሬቱ ላይ ተፋ። «ልጄን ሊያስበላኝ ነበር፣ ይህ ቀጣፊ!» ብሎ በሬዎቹን እየነዳ ሄደ። ሌሎቹም አባቶች ተበተኑ። የዚያን ቀን ከዘቢዳር የወረደ ልጅ አልነበረም።

አስካሪዎቹ ሀቢቡን ከካሚዮኑ ጎማ ላይ አጋድመው በአለንጋ ገረፉት። አንዳንዱ ለማየት ቆመ። «ይበለው» ያለም አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠይባ ክንዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የቤታቸውን መንገድ ያዘች። ጀርባው ከሸሚዙ ጋር ተጣብቋል። ከገበያው እንደራቁ ተናገረች።

«የሀጀራ አባት።»

«እህ።»

«ካፒታኖው እኮ እውነት ነው ብሏል። አንተ ካልሄድክ ያንን ከየት አመጣኸው? መርከበኛ ያወራውን ሰው እንዲያ አድርጎ አይናገረውም። ስትናገር ዓይንህን እያየሁ ነበር። ሄደሃል።» ክንዱን አጥብቃ ያዘች። «ያላመንኩህ እኔ ነኝ። ስንቴ ስምህ ሲነሳ አንገቴን ደፋሁ! ከእንግዲህ አልደፋም። ነገ ውኃ ስወርድ ለሴቶቹ ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ለሰይዶ ሚስት ለከድጄ ከሁሉም አስቀድሜ ነው የምነግራት! ባሌ እውነተኛ ነው፣ ፈርቶ ነው የካደው እላታለሁ።»

ሀቢቡ ቆመ። ከድጄ ብትሰማ ሰይዶ ይሰማል። ሰይዶ ከሰማ ነገ ማታ ልጁን የሚያወርድ ሰው ወደ ዘቢዳር ይልካል።

ሁሉንም ሊነግራትና ዝም እንድትል ሊለምናት አሰበ። አያት። ያን ሁሉ ዓመት የተደፋ አንገት ዛሬ ቀና ብሏል፤ እውነቱን አውቃ ዝም ማለት እንዴት ይቻላታል? ስለ አሮጊቷ እጅ፣ እንደ እንቁራሪት ስለሚዘሉት ሽማግሌዎች ሊያወራት፣ አብረው ሊስቁ እንዴት ፈልጎ ነበር።

«አልሄድኩም» አላት።

«በአላህ!»

«አልሄድኩም አልኩሽ።»

ጠይባ ክንዱን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። «ለእኔም? በመኝታችን ላይ የነገርከኝ ሁሉ?»

«ለአንቺም» አለ።

ነጠላዋን አጥብቃ ቀድማው ሄደች። ሀቢቡ የመንገዱን ዳር አጥር እየተደገፈ ብቻውን ተከተላት።