ጥርት ያለ ክራር

ሰመራ አምስት ዓመት ስኖር ክራሬን የሚሰማልኝ አንድ ሰው አልነበረኝም። መሬት ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ቀን ከፋይል ጋር እውላለሁ፣ ከዚያ ወደ ኪራይ ክፍሌ እገባለሁ፤ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ለግድግዳ መጫወት ሰልችቶኝ ክራሩን ልሸጠው ሁለት ጊዜ አስቤ ነበር። ስለዚህ የልጅነት ጓደኛዬ ኃይለ ልዑል ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ለማወጣው የክራር አልበም አንድ ዜማ ቀርጸህ ላክልኝ፤ ከወደድነው መጥተህ ከእኛ ጋር ትሠራለህ» ሲለኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። መቅረጫውንና ማይኩንም በአውቶብስ ላከልኝ።

ማይኩ ኮንደንሰር የሚባለው ነው። መድረክ ላይ ዘፋኝ ከንፈሩ ላይ ለጥፎ የሚጮህበት ዓይነት አይደለም፤ ያኛው ከእጅ ቢወድቅም ግድ የለውም። የዚህኛው ሆዱ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር አለ። በገመዱ አርባ ስምንት ቮልት ካልተላከለት ሬሳ ነው፤ ከተላከለት ግን የማይሰማው የለም። ከክራሩ ስንዝር ተኩል አርቄ፣ ፊቱን ክሮቹ ቆዳው ላይ በቆመችው እንጨት፣ በበርኩማው፣ ላይ ወደሚያርፉበት አዞርኩት። ጣቴ ከክር ሲነሳ ያለው ድምፅ ሳይቀር ገባ። የጣሪያው ማራገቢያም ገባ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መኪናም ገባ።

የተረፈችኝ የቀትር ዕረፍት ብቻ ናት። ሰባት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሁሉንም ይጥለዋል፤ ሾፌሮቹ ሰርዶ የምትባለው የመንገድ ከተማ ላይ ጥላ ይዘው ይተኛሉ፣ ፍየል እንኳ አይጮህም። ማራገቢያውን አጥፍቼ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ላቤ ክራሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቴ ላይ ፎጣ ጠምጥሜ እቀመጣለሁ። እብድ ነው የምመስለው።

የቀረጽኩትን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ ከክራሩ ኋላ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር አለ። የማይኩን ቦታ ቀየርኩ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አለ። ከጎረቤቴ ክፍል የሚለየኝ ኮምፔንሳቶ ነውና ጆሮዬን ለጠፍኩበት። እማማ ሐጂራ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድሮ ለሾፌሮች ምግብ ይሸጡ የነበሩ የወሎ ሴት ናቸው፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ዙህር ሰግደው ሲያበቁ ግድግዳዬን ተደግፈው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ።

ደሜ ፈላ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ በሩን እንኳ በወጉ አላንኳኳሁም። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ላይ ቆሜ፣ መቁጠሪያዎ ሥራዬን ገደለው አልኳቸው። ሙስበሃውን ሻሻቸው ሥር ከተቱት።

«አውፍ በለኝ ልጄ» አሉ፤ «እዚያ ድረስ የሚሰማ አልመሰለኝም።»

ከማግስቱ ጀምሮ ሰባት ሰዓት ሲሆን ምንጣፋቸውን ይዘው ይወጣሉ። በዚያ ፀሐይ መንገዱን ተሻግረው የከድሩ ሱቅ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብርድ ልብሱን ስጋርድ በመስኮቱ አያቸው ነበር። ይመለሱ አላልኩም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ቀጭ ቀጭ ያለባቸውን ቅጂዎች ሁሉ አጠፋኋቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን፣ ምንም ነገር ሳይገባበት ዜማው ከዳር እስከ ዳር ወጣልኝ። ላክሁት። ኃይለ ልዑል በሦስተኛው ቀን ጻፈልኝ፤ ወዶታል፣ ሻንጣህን አዘጋጅ ይላል።

ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ። የቢሮ ሰዎች ክራር መምታቴን አያውቁም። በስተመጨረሻ ትዝ ያሉኝ እማማ ሐጂራ ናቸው፤ እግረ መንገዴንም ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። በራቸው ተቆልፏል። ከድሩ ዘንድ ሄጄ ብጠይቀው፣ ከሄዱ ሳምንታቸው ነው፣ ልጃቸው ሐያት መጥታ አዋሽ ወሰደቻቸው አለኝ። ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ሰው አለመኖሩን አላወቅሁም።

ከድሩ ሚዛኑን እየጠረገ ፊቴን አየ።

«ሐያት ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለምናቸው እምቢ ነበር ያሉት» አለኝ። «‹ያ ልጅ ብቻውን ነው፣ እኔ ከሄድኩ ማን ይሰማለታል› ይሉ ነበር። አሁን ግን ጸጥታ ነው የሚፈልገው አሉና ሄዱ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሰሚ እንዳለኝ ያውቃል፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ። ቀጭ ቀጩ ስፈጥን ይፈጥን፣ ስረጋ ይረጋ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ፤ ግን ተመልሼ ልስማው ብል እንኳ ከቅጂዎቹ አንዱንም አላስቀረሁም። የከድሩ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ከድሩ ስልኩን አውጥቶ ለእማማ ሐጂራ ደወለና አቀበለኝ።

አዋሽ ጫጫታ ነው። ሳህን ይንኳኳል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ጉልላት ልጄ፣ ሥራህ ሰመረልህ?»

«ሰምሯል እማማ። ጥርት ብሏል።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያ መሄዴ ጠቅሞሃል።»

አልጠቀመኝም ልል አፌን ስከፍት፣ ሐያት ለምሳ ስትጠራቸው፣ አንድ ሕፃንም እጃቸውን ይዞ ሲጎትት ሰማሁ።

«ይሂዱ» አልኳቸው፤ «ምሳዎ እንዳይበርድ።»