በጉያ የመጣ ውኃ

በ2005 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ የመመረቂያ ጥናቴን እሠራ ነበር። ውኃ ውስጥ የሟሟ ጨው በዓይን አይታይም። ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን በውኃው ውስጥ ሲያልፍ ግን፣ ጨው ያለበት ውኃ ብርሃኑን የሚውጥበት መንገድ በጥቂቱ ይለወጣል። መሣሪያዬ ያንን ጥቂት ለውጥ ያነባል።

ከዲማ አጠገብ ካለች መንደር የጉድጓድ ውኃ ናሙና ያመጡልኝ የቅኔ መምህሩ የኔታ አምደሚካኤል ናቸው። መሣሪያው ብዙ ጨው አለበት አለ። ለወረዳው ጻፍኩ፤ ፓምፑ በሰንሰለት ታሰረ። የመንደሩ ሰዎች ውኃው ጨው ጨው እንደማይል ሲነግሩኝ፣ ምላስ ይለምዳል፣ መሣሪያ ግን አይለምድም አልኳቸው። በዚያች አነጋገር ኮርቼም ነበር።

በወሩ ከዚያው ጠርሙስ የተረፈውን እንደገና ለካሁት። ጨው የለበትም። ሁለት ቀን ምክንያቱን ፈልጌ ሳጣው ለየኔታ ደወልኩና ናሙናውን እንዴት እንዳመጡት ጠየቅኋቸው።

«እንደ ጠበል ነዋ» አሉኝ።

መሬት ሳያስነኩ፣ ከጋቢያቸው ሥር በጉያቸው አቅፈው፣ መኪና ውስጥም ሳያወርዱ እጄ ላይ አስረክበውኛል። ጠርሙሱ ሞቆ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ውኃ ሲሞቅ ብርሃኑን የሚውጥበት መንገድ ጨው የገባበት ያህል ይለወጣል። ይህን በትምህርቴ አውቀዋለሁ። ሙቀቱን ሳልለካ ነው መሣሪያው ውስጥ ያስገባሁት።

ፓምፑ በሚከፈትበት ቀን ለሰው የማነበው ወረቀት ይዤ ሄድኩ። «ናሙናው በጉዞ ላይ በመሞቁ» ይላል። መለካት የነበረበት ማን እንደሆነ አይልም። ያችን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ከፊት የቆመችው አይናዲስ የምትባል የእኔ እኩያ ናት። ቀኝ እጇ በነጠላ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ ከወንዝ ውኃ ተሸክማ ስትወጣ አዳልጧት ነው የተሰበረችው።

አንብቤ ሳልጨርስ የኔታ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን፣ ውኃውን ያሞቁት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ።

«የኔታ፣ ውኃ ታቅፈው ጨው ፈለፈሉ» አላቸው አንድ ገበሬ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወደ አይናዲስ ዞረው፣ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቋት።

ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ወረቀቱን አጣጠፍኩት።

«የኔታ አያውቁም ነበር» አልኩ በመጨረሻ። «የማውቀው እኔ ነኝ። ቴርሞሜትሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እጄን አልዘረጋሁም።»



«እኛስ ጨው ጨው አይልም ብለን ስንነግርሽ?» አለች አይናዲስ።

 ፓምፑ ተከፍቶ ጄሪካኗ ሲሞላ ልሸከምላት ጎንበስ አልኩ። በግራ እጇ ሳብ አድርጋ ከእኔ አራቀችውና ጎረቤቷን ጠራች።