ተደጋጋሚ ፎቶዎች

ፎቶ አንሺው ልጁን በስሟ መጥራት ከተወ ቆይቷል፤ «ኢንጂነሯ» ነው የሚላት። ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ኮምፒውተር ሳይንስን ከስቱዲዮው ጓዳ፣ ከመብራት ማቆሚያዎቹና ከተጠቀለሉት መጋረጃዎች መሀል ተቀምጣ በራሷ ጀመረችው። «መምህሮቿ እስኪደርሱባት ቁጭ ብላ ልትጠብቃቸው ነው» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወሬውን አልጠላችውም።

ሰሞኑን የስቱዲዮው ኮምፒውተር ሞልቶ አላሠራ ብሎ ነበር። ኢንጂነሯ ታዲያ ተደጋጋሚ ፎቶዎችን እየለየ የሚያጠፋ ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሙ ሠራ፤ ቦታውም ተለቀቀ። አባቷ ትከሻዋን ቸብ ቸብ እያደረገ «እሰይ የኔ ልጅ!» አላት። ሞቅ ሲላት የተሰረዙት የሚጠራቀሙበትን ጭምር ጠራርጋ አጸዳች። ለመጠባበቂያ የተቀመጠውንም ዲስክ አልማረችውም። ከሱ የባሰ ተደጋጋሚ ከየት ይመጣል?

በማግስቱ የሠፈሩ አናጢ መጣ። እናቱን ቀብሮ መምጣቱ ነው፤ ዓይኑ አብጧል።

«ጋሼ፣ እማዬ ካሜራ ስትሸሽ ነው የኖረችው። ያላት ፎቶ የሠርጌ ለት እርስዎ ያነሷት ብቻ ነው። ዛሬ ነገ ስል ሳላሳትመው…»

«አይዞህ ልጄ። ኢንጂነሯ አሁኑኑ ታወጣልሃለች።»

የአናጢውን ሠርግ ፎልደር ከፈተች። መጨረሻ ላይ የተነሱ ጥቂት ፎቶዎች ብቻ አሉበት፤ ሰው ተነስቶ የሄደባቸው ባዶ ወንበሮችና የተጠቀለለ የድምፅ ማጉያ ሽቦ። የሌላ ሠርግ ፎልደር ከፈተች፤ ባዶ። ቀጣዩም ባዶ። ክው አለች። መጠባበቂያውን ዲስክ ሰካች፤ እሱም ያው ነው።

«አባዬ… ለፎቶዎቹ ቁጥር የሚሰጠው ማነው?»

«ካሜራው ነዋ። እኔ ለየሠርጉ ከአንድ አስጀምረዋለሁ። የሰው ሠርግ ከሌላ ሰው ጭራ ይጀመራል እንዴ?»

ፕሮግራሟ የሚያስተያየው የፎቶዎቹን ቁጥር ብቻ ነበር። የሁሉም ሠርግ አንደኛ ፎቶ አንድ ዓይነት ቁጥር አለው፤ የሁሉም ሁለተኛም እንዲሁ። ስለዚህ በዝርዝሩ አናት ያገኘውን ሠርግ አስቀርቶ የሌሎቹን እንደ ድግግሞሽ ጠርጎታል፤ ከአናጢው የተረፉት ቁጥራቸው ከዚያኛው ሠርግ ያለፉት ብቻ ናቸው። አባቷም ዘግይቶ ገባው። ሊቆጣ አፉን ከፈተና አናጢውን ሲያይ ተወው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች ወደ አናጢው ዞራ። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «አይመለስም።»

አናጢው አልጮኸም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ባዶዎቹን ወንበሮች ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እሺ፣ እህቴ» አለ ቀስ ብሎ። «ከማጥፋትሽ በፊት አይተሻታል አይደል? ከሙሽሪት ጎን ነበረች። እስቲ ንገሪኝ፣ ስቃ ነበር?»

ልጅቷ ከዚያ ሁሉ ፎቶ አንዱን እንኳ ከፍታ አላየችም ነበር።